ግማሹን የዋጠ ሳጥን

ጥቅምት 8

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ስልኬን ማንሳት ካቆምሽ ይኸው አርባ ቀን ሞላ። «አባባ በስልክ ስትጯጯሁ መስማት ሰልችቶኛል፣ ያላችሁን በወረቀት ተጻጻፉ፣ ሰው ሲጽፍ ያስባል ብሏል» ብለሽ መልእክት ላክሽልኝና ዘጋሽው። እሺ፣ እነሆ ወረቀት። በዚህ ዘመን አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች በፖስታ ሲጻጻፉ ያየ ሰው ምን እንደሚል እንጃ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የአባባን የዓይን ፎቶዎች የሚያይልኝ ሐኪም አግኝቻለሁ። አንቱ የተባለ ሰው ነው። ግራው አንዴ ሄዷል፣ ስለ ቀኙ ግን ፎቶውን ሳላይ ምንም አልናገርም አለኝ። እስከ የካቲት መጨረሻ ይሠራል፣ ከዚያ ጡረታ ይወጣል። አንቺ በፖስታ የላክሽው ፍላሽ ለሁለት ተሰብሮ ነው የደረሰኝ። ኢንተርኔት ቤትም ግማሽ ቀን ተቀምጠሽ አንዱ ፎቶ እንኳ ሳያልፍ መስመሩ ተቋረጠብሽ። ስለዚህ ሌላ መላ ፈለግኩ።

አብሮኝ የሚሠራ ሰው ወደዚያ ስለሚመጣ ትንሽ ሳጥን ልኬብሻለሁ። ኮምፒውተር ነው። የጡብ ግማሽ ቢያክል ነው። አንዱን ገመድ ከራውተሩ፣ ሌላውን ከሶኬቱ ሰኪው። ክሊኒኩ በድጋሚ የሚሰጥሽን ፍላሽ ጎኑ ላይ ሰኪ። በቃ። ከዚያ እኔ ከዚህ ሆኜ እገባና ፎቶዎቹን ቀስ እያልኩ እወስዳለሁ። መስመሩ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ሳጥኑ በራ ማለት እኔ ቤት ገባሁ ማለት ነው።

ሕፃን ልጅ የሚሠራው ነገር ነው። ይሄንንም አልቻልኩም እንዳትይኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 28

ይድረስ ለኢንጂነሩ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራህ እንዴት ነው? እኛ አለን። አባባ ሰላም ይልሃል፤ ደብዳቤህን በመስኮቱ በኩል ወደ ብርሃን ይዞ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ሁለተኛውን እኔ ነኝ ያገዝኩት።

ሳጥንህ ደረሰ። ያመጣልህ ሰውዬ በር ላይ ሆኖ አስረከበኝና ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ከፈትኩት። አገላበጥኩት። ከፊት አየሁት፣ ከኋላ አየሁት። ፊቱ የቱ ነው? ስክሪን የለውም፣ መክፈቻ የለውም፣ አንዲት የጤፍ ቅንጣት የምታክል መብራት ብቻ አለችው። ዓይኑ እየደከመ ላለ ሰው ዓይን የሌለው ዕቃ መላክ ያንተ ብልሃት ነው እንግዲህ፣ ይባርክልህ።

እንዳልከው ሰካሁት። ፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ የስፌት መኪናዬን ነቅዬ ሰካሁት። ሠላሳ የሠራተኛ ካፖርት ለሰኞ አስረክባለሁ ብዬ ፈርሜ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በእጅ ስዘመዝም ዋልኩ። አንተ ገባህ? አልገባህም። «ገና ነው፣ እያየሁት ነው» የምትል መልእክት ላክህ። በአራተኛው ቀን «ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኪውና ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አልክ። የትኛው ቴሌቪዥን? ያ ሆዳሙ ቴሌቪዥን ነው? አንተ ጥለኸው የሄድከው እኮ ነው፣ እሱ ራሱ። ያንተ ገመድ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፣ የእሱ ቀዳዳ ክብ ነው። ዘጠኝ ዓመት ስትጠፋ ቤቱም አብሮህ የዘመነ መሰለህ?

ንገረኝማ፣ አንተ ራስህ ብትመጣ ስንት ገመድ ያስፈልግሃል?

ክሊኒኩ ፍላሹን በድጋሚ ሰጥቶኛል። ጎኑ ላይ ሰክቼዋለሁ። መብራቷ በርታለች። ዝም ብላ በርታለች። አባባ በየጠዋቱ «ልጁ ገባ ወይ?» ይለኛል። ምን ልበለው?

እህትህ


ኅዳር 15

ለእህቴ፣

እንደምን አለሽ? ይሄን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓቴ ነው። እኔ የምውልበት አዳራሽ ውስጥ አራት መቶ ኮምፒውተር አለ፤ አንዱም ስክሪን የለውም። በሁሉም ላይ ከሩቅ ነው የምንገባው። እኔ የላክሁት ዕቃ ዓይን የለውም እያልሽ ማላገጥሽን ተይ። ዕቃው ዓይን አያስፈልገውም፣ የሚሰካው ሰው ነው ዓይን የሚያስፈልገው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ደግሞ ይዘሽ አትጮሂብኝ። ሳጥኑን ሳዘጋጀው በሩን ሳልከፍት ነው የላክሁት። አዲስ ሲሆን ከሩቅ የሚገባበት በር ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ለጥንቃቄ ነው። መክፈቻውን አዘጋጅቼ አስቀመጥኩና ሰውዬው በረራው ደረሰ ብሎ ሲያጣድፈኝ «ክፈት» የሚለውን ትእዛዝ ሳልሰጠው አሸግኩት። እዚህ ቢሆን ወንበር ስቤ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅብኝ ሥራ ነው። ስሳሳት ተሳሳትኩ ማለት አያቅተኝም፤ አንቺም ልመጂው።

ስለዚህ በጭፍን መጻፍ አለብሽ። ኪቦርድ ተዋሺ። ሰኪው። ሳጥኑን አጥፍተሽ አብሪና ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ስም ይጠይቅሻል። ጥያቄው አይታይሽም፣ ግን ይጠይቃል። በፈረንጅ ፊደል «ቤት» ብለሽ ጻፊና ኢንተር ተጫኚ። ቀጥሎ ፓስዎርድ ይጠይቃል። ፓስዎርዱ የአባባ የመሥሪያ ቤት መለያ ቁጥር ነው፣ 1107። አልረሳሁትም በይው። ጻፊ፣ ኢንተር። ከዚያ አሁንም በፈረንጅ ፊደል «ክፈት» ብለሽ ጻፊ፣ ኢንተር። አለቀ። መብራቷ ብልጭ ብልጭ ካለች ተከፍቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ ላይ የምትጽፉትን ሁሉ እኔ ጋ እንደደረሰ ቁጠሩት።

የፈረንጁን አጻጻፍ ከታች ለብቻው አስፍሬልሻለሁ፤ ፊደል እንዳትስቺ። አንድ ፊደል ከሳትሽ ሁሉም ውሃ ይበላዋል። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ጠየቀኝ፤ በመንገድ ላይ ነው አልኩት። አታሳፍሪኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 4

ለወንድሜ፣

እግዜር ጤናውን ይስጥህ፤ ትዕግሥቱን ግን ለእኔ ይስጠኝ፣ ካንተ ይልቅ እኔ ነኝ የምፈልገው።

ኪቦርዱን ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሴትዮ ተዋስኩ። ስሰካው አባባ ድምፁን ሰማና ከወንበሩ ተነሳ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ዞር በይ» አለኝ። ደብዳቤህን አንብቢልኝ አለ። መነጽሩን አላነሳም። አነበብኩለት። መለያ ቁጥሩ ጋ ስደርስ «1107! አልረሳም!» ብሎ ፊቱ ሲበራ ብታይ ኖሮ እንደዚያ ያለ የጅል ደብዳቤ መጻፍህን ይቅር እልህ ነበር። «ስክሪን ምን ይሠራልኛል? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ታይፒስት ሆኜ ስጽፍ የማየው የሰጡኝን ወረቀት ነው፣ ቁልፉን አይቼም አላውቅ» አለ። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አገናኝቶ አፍታታቸው። ታስታውሳለህ፣ ሁሌ እንደሚያደርገው።

ጻፈ። ጠበቅን። መብራቷ ንቅንቅ አላለችም።

ደግሞ ጻፈ። አጠፋን፣ አበራን። አሁንም ጻፈ። አሥራ አንድ ጊዜ ነው ወንድሜ። አሥራ አንድ! እኔ እያነበብኩለት፣ እሱ እየጻፈ። በመጨረሻ ላብ አጠመቀው። «ልጁ የሰጠን ቁጥር የተሳሳተ ይሆናል» አለ። የራሱን መለያ ቁጥር መጠራጠር ጀመረ! የጡረታ ደብተሩን አምጪ ብሎ አስነበበኝ። 1107 ነው።

ስለዚህ የተሳሳትከው አንተ ነህ። ሳጥንህ ደንቆሮ ነው፣ ወይም ደግሞ አንተ እንደምታወራው አይደለህም። በሩን ዘግቼ ነው የላክሁት ስትል ይሄንንም አላጣራህ ይሆናል። ዓይንህን በጨው ታጥበህ «አታሳፍሪኝ» ትለኛለህ። ማን ነው ያሳፈረ? ካፖርቶቹን ዘግይቼ አስረክቤ ያዘዘችኝ ሴትዮ የሚቀጥለውን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጠችብኝ። እሱንም ለአባባ አልነገርኩትም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሐኪሙን ምን ያህል ቀን አለን ብለህ ጠይቀው። ዝም ብለህ ጠይቀው።

እህትህ


ታኅሣሥ 21

እህቴ ሆይ፣

ሰላምታውን ልዝለለው፣ ሁለታችንም ከልባችን አንልም።

ሳጥኑ ደንቆሮ አይደለም። እዚሁ ተመሳሳዩን ገዝቼ፣ ስክሪኑን ነቅዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሞክሬዋለሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ከፈተ። ስህተቱ እዚያ ነው። ማነው አባባ ይጻፍ ያለው? እኔ አንቺን አልኩሽ እንጂ አባባን አላልኩም። ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው። ጣቱ ይንቀጠቀጥ ይሆናል፣ አንዱን ሁለቴ ይመታ ይሆናል፣ ማን አየው? «አልሳሳትም» ሲል አንቺ ደግሞ እሺ ብለሽ ትቀመጫለሽ። በዚያ ቤት አባባ አልሳሳትም ካለ አለቀ ማለት ነው፣ ሁሌም እንደዚሁ ነበር።

አንድ ቃል መጻፍ ነው እኮ! አንድ ቁጥርና አንድ ቃል! እኔ እዚህ ሐኪም እለምናለሁ፣ ፈረቃ እለዋወጣለሁ፣ ዕቃ አድርስልኝ ብዬ ሰው እግር ላይ እወድቃለሁ። ለማን? ከቤት የወጣሁ ቀን ከጽሕፈት መኪናው ላይ ቀና ብሎ ላላየኝ ሰው ዓይን! ሻንጣዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንቺም ነበርሽ። መስመሩን ጨርሶ ቀጣዩን ጀመረ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ዘጠኝ ዓመት ምንም አላልኩም። አሁን ግን ቆሽቴ እያረረ ነው።

ስንት ቀን አለን ብለሽ ጠይቀሻል። ፎቶውን ሳያይ እንዴት አድርጎ ይንገረኝ? ላኪ! ራስሽ ጻፊውና በሩን ክፈቺ! አባባን ዞር በል በይው!

ወንድምሽ


ጥር 9

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን አነበብኩለት። ሁሉንም። አትደንግጥ፣ ሆን ብዬ አይደለም። አንድ መስመር ስዘል ያውቅብኛል፤ ድምፅሽ ተሰናከለ፣ መልሺና አንብቢ ይለኛል። ስለ ጣቱ ያልከውን አነበብኩ፣ ስለ ሻንጣህም አነበብኩ። እያነበብኩ አንተን ረገምኩህ፣ ይግባህ፣ አፌን ሞልቼ ነው የረገምኩህ።

እሱ ግን አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ! ምሳውን አልበላም። ሬዲዮውን አልከፈተም። በማግስቱ «የጽሕፈት መኪናዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጂ» አለኝ። ያ ብረት ሊገድለኝ ነበር ሳወርደው። አቧራውን ጠረግኩ፣ ሪባኑ ደርቋል፣ በጣቴ ትንሽ ዘይት ነካ ነካ አደረግኩለት። ለሳጥኑ የጻፈውን ቃል በቃል ወረቀት ላይ ጻፈው። እዚህ ውስጥ አጥፌዋለሁ። ከዚያ የሚከተለውን በቃሉ ነገረኝ፤ እንዳለው ነው የጻፍኩት፣ አንዲት ነጥብ አልነካሁም።

«ጉዳዩ፦ በስህተት ስለ መወንጀሌ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ስጽፍ ለእርማት የተመለሰብኝ ወረቀት የለም። ለሳጥኑ የጻፍኩትን በራሴ መኪና ደግሜ አንድ ገጽ አያይዤ ልኬያለሁ። ስህተት ከተገኘ ምልክት ተደርጎበት ይመለስልኝ። ጣቴ አይንቀጠቀጥም። ቀና ብሎ ስላለማየት የተነሳውን ጉዳይ በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ።
የቀድሞ የጽሕፈት ክፍል ታይፒስት፣ መለያ ቁጥር 1107።»

ይኸውልህ። እልህ ይዞታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይነሳና ኪቦርዱ ፊት ይቀመጣል፣ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ጣቱን እያፍታታ ነው መሰለኝ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ኪቦርዴን መልሱልኝ ብላ ሁለቴ መጣች፤ ከእጁ ልነጥቀው አልቻልኩም።

እኔም ራሴ እንዳልከው ሞክሬያለሁ፣ አንድ ጊዜ አይደለም። አባባ ቁጭ ብሎበት ሳጥኑን አላስጠፋም ስላለኝ የቱ ላይ እንደቆመ አላውቅም፣ ስም ይጠይቅ ፓስዎርድ ይጠይቅ። የጨለማ ዕቃ ነው የላክህብን። አሁን ስህተታችንን ንገረን፣ ኢንጂነር ነህ አይደል?

እህትህ


ጥር 25

ለእህቴ፣

ፖስታውን የከፈትኩት ሥራ ቦታ ነው፣ ቆሜ። ወረቀቱን አየሁት። ከዚያ ወንበር ፈለግኩ።

ምልክት አድርጌ እመልስለት ነበር፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ። 1107 ብሎ የጻፈውን አስተውዬ አየሁት። ሁለቱ አንዶች አንድ አይደሉም፣ ትንሿ ኤል ናቸው። ዜሮው ዜሮ አይደለም፣ ትልቁ ኦ ነው። ያ የፈረንጅ ፊደል መኪናው አንድ ቁጥርና ዜሮ ቁጥር የለውም እኮ! ድሮም አልነበረውም! ፋብሪካው ቁልፍ ለመቆጠብ ትቶት፣ ታይፒስት ሁሉ አንድን በኤል፣ ዜሮን በኦ ነበር የሚጽፈው። ወረቀት ላይ ማንም አይለየውም። ሳጥኑ ግን ይለያል። ለእሱ ኤል ኤል ነው።

ይሄን እኔ አውቅ ነበር። በልጅነቴ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ በድምፁ ቁልፍ ስለይ ነው ያደግኩት። እንዲያውም አሳይቶኛል፣ «አንድ ከፈለግክ ወደ ቀኝ እጅህ ሂድ» ብሎ። ረሳሁት። አባባ አልተሳሳተም። ሠላሳ አንድ ዓመት ትክክል የሆነውን ነው የጻፈው። እንደዚህ ብለሽ አንብቢለት፣ ሁለቴ አንብቢለት። ስለ ጣቱ የጻፍኩትን ይቅር ይበለኝ።

አሁን እንደዚህ አድርጉ። ሳጥኑን አጥፉና አብሩ፣ ከመጀመሪያው እንዲጀምር። ቁጥሮቹ ከፊደሎቹ በላይ ባለው ረድፍ ናቸው፤ አንድ በግራ ጫፍ በኩል፣ ዜሮ በቀኝ በኩል ከዘጠኝ ቀጥሎ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ፤ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቶኛል። ቁጥሮቹ እኮ ቁልፉ ላይ ተጽፈዋል፣ በነጭ፣ ትልልቅ ሆነው። ቀኝ ዓይኑ የሚያይ ሰው ጎንበስ ቢል ያያቸዋል። አሥራ አንድ ጊዜ ሲያቅተው ጎንበስ ብሎ አላየም? እህቴ፣ እውነቱን ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አትጻፊ።

ወንድምሽ


የካቲት 7

ለወንድሜ፣

የኤሏን ነገር አነበብኩለት። ሁለቴ አነበብኩለት። ሳቀ። ከልቡ ሳቀ፣ ሲስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። «እኔ ትክክል ነኝ፣ ዕቃው ደግሞ ጀማሪ ነው» አለ።

ጣቱን ይዤ አንዱ ላይ አስቀመጥኩለት፣ ከዚያ ዜሮው ላይ። ቦታቸውን በአንድ ጊዜ ያዘው። ጻፈ። መብራቷ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ አለች። እኔ ጮህኩ። ጎረቤት መጣ።

በቃ ፎቶውን ውሰድ። የጠየቅከኝን ሐኪሙ ይነግርሃል።

እህትህ


የካቲት 13

ለእህቴ፣

ከደብዳቤዎችሽ የደረሰኝ የመጨረሻው የጥር ወሩ ነው። ሳጥኑ ግን ደርሶኛል። የካቲት 7 ከምሳ በኋላ ቁጭ ብዬ እያለሁ ስክሪኔ ላይ መጣ። ገባሁ።

ፎቶዎቹን በሁለት ቀን ወሰድኩና ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ዘለግ ላለ ጊዜ አያቸው። «መቼ የተነሱ ናቸው?» አለኝ። የመስከረም ናቸው አልኩት። «እንግዲያው አሁን አያይም» አለኝ። በዚያን ጊዜ ቢደርስ ኖሮስ? አልኩት። ያን ጊዜም የሚደረግለት ነገር አልነበረም አለ። ይሄን እኔን ለማጽናናት ይበለው፣ እውነት ይሁን፣ አላውቅም።

አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ ስለ ካፖርት፣ ስለ ኪቦርድ፣ ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ስትጽፊልኝ! «ድምፅሽ ተሰናከለ ይለኛል» ስትዪ! በመስኮት ብርሃን ያነብ የነበረው ሰው «አንብቢልኝ» ሲል ማወቅ ነበረብኝ፣ እኔም ድፍን ነኝ። ግን አንቺ እንዴት አስቻለሽ? አንቺን ልውቀስ ብዬ ወረቀት አወጣሁ፣ ሦስት ገጽ ስድብ ጻፍኩ። የማልልከው ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሳጥኑ መዝገብ ይይዛል። ማን ሊገባ ሞክሮ እንደተከለከለ ይጽፋል፣ ቀንና ሰዓት ያለው። ስንት ጊዜ እንደተሳሳታችሁ ልይ ብዬ ከፈትኩት። መጀመሪያ ላይ ያው ነው፦ ቤት፣ ክፈት፣ ቤት፣ ክፈት፣ ገጽ ሙሉ ክፈት። ማሽኑ ክፈት የሚባል ሰው አላውቅም እያለ ሲመልሰው። ከጥር 2 ጀምሮ ግን ሌላ ነገር አለ። በሁለት ሦስት ቀን አንዴ፣ ጠዋት ላይ፣ አንድ ሁለት መስመር። አባባ ጣቱን አያፍታታም ነበር እህቴ። እየጻፈልኝ ነበር። «የምትጽፉትን ሁሉ እኔ ጋ እንደደረሰ ቁጠሩት» ብዬ የለ? በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው ያልኩት፤ እሱ ግን የተከፈተ መስሎት ይሁን፣ ሳይከፈትም ይሄዳል ብሎ ይሁን፣ ቆጠረው።

ደግሞ እርግማኑን ስሚ። ሳጥኑ በተራ ነው የሚጠይቀው፤ አንዴ ስም፣ አንዴ ፓስዎርድ። በስም ቦታ የተጻፈውን ይመዘግባል። በፓስዎርድ ቦታ የተጻፈውን ይውጠዋል፣ ሚስጥር ነው ብሎ የትም አያስቀምጠውም። ስለዚህ ከአባባ ደብዳቤ የቀረኝ አንዱ መስመር እየዘለለ ነው። በፈረንጅ ፊደል የጻፈውን በእኛ ገልብጬዋለሁ። ነጥብ ነጥቡ የተዋጠው ነው።

ልጄ ሆይ እንደምን ሰነበትክ
. . . . . . . .
እህትህን አትቆጣት
. . . . . . . .
አትንገሪው ያልኳት እኔ ነኝ
. . . . . . . .
ቀኙም በኅዳር ሄደ
. . . . . . . .
31 ዓመት የሰው ደብዳቤ ስጽፍ
. . . . . . . .
ስትወጣ ቀና ያላልኩት
. . . . . . . .
ወረቀቱን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ
. . . . . . . .
አንድ ነገር ልጠይቅህ
. . . . . . . .

እዚህ ላይ ያልቃል። የካቲት 6 ጠዋት። በማግስቱ በሩ ተከፈተ፣ ከዚያ አልጻፈም። 31 የሚለውን በሦስትና በኤል ነው የጻፈው።

«ስትወጣ ቀና ያላልኩት» ብሎ ምክንያቱን ጽፎልኛል፣ ገባሽ? ጽፎታል! ዘጠኝ ዓመት የፈለግኩት ነገር ነው። ሳጥኑን እኔ ነኝ የገዛሁት፣ እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት፣ እኔ ነኝ በሩን ዘግቼ የላክሁት፤ እሱም ዋጠው። አራት ሰዓት ሙሉ ሁሉንም ጥግ ፈለግኩ። የለም። እንዳይኖር ተደርጎ ነው የተሠራው። ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። በቡጢ ጠረጴዛውን መትቼ አለቃዬ መጣ።

እሱኑ አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩት። ሰጠኝ። ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቅኩት ቢጠየቅ የሚሰጥ ነገር ኖሯል። መጋቢት 12 እደርሳለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 28

ለወንድሜ፣

«አንቺ ግን ታውቂ ነበር» ትለኛለህ? አዎ አውቅ ነበር! እጁን ይዤ ወደ መጸዳጃ የምወስደው እኔ፣ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ፣ ማን እንዲያውቅ ፈልገህ ነው? «ልጁ ፎቶው ሲደርስ ተስፋ አለ ብሎ እየለፋ ነው፣ አታቋርጪበት» አለኝ። እኔ ደግሞ አንተን ስሰድብ ካልዋልኩ ስሜ ሊጠፋኝ ነው፣ የማለቅሰውን ሁሉ በካፖርትና በኪቦርድ አመካኝቼ ጻፍኩልህ። ሌላ ምን ልጻፍ? ሦስት ወር ዋሸሁ። ላንተም ዋሸሁ፣ ለእሱም «ልጁ በቅርብ ይመጣል» እያልኩ ዋሸሁ። ደክሞኛል።

እየጻፈልህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ባውቅ ኖሮ ጎኑ ቁጭ ብዬ በእጄ እገለብጠው ነበር።

ደብዳቤህን አነበብኩለት። የራሱን መስመሮች ሳነብለት ከንፈሩ አብሮኝ ይንቀሳቀሳል፤ ነጥብ ነጥቡ ጋ ስደርስና ዝም ስል እሱ በሆዱ ይለዋል፣ ከዚያ ቀጥይ ይለኛል። ሳጥኑ የዋጠውን እሱ አልረሳም። አንዱንም አልረሳም። ስጨርስ «አንድ ነገር ልጠይቅህ ካልክ በኋላ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?» አልኩት።

«ደብዳቤው ለእሱ ነው» አለኝ።

ቀጠለና «ስህተት አገኘብኝ?» አለ።

አላገኘም አልኩት። ደስ አለው። ከዚያ «ኪቦርዱን አምጪ፣ የጎደለውን ልድገምለት፣ መጋቢት ሩቅ ነው» አለኝ። ተነሳሁ። ኪቦርዱን ነቀልኩና ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ መለስኩላት። ተመለስኩና ሳጥንህን ነቀልኩት። ገመዱን ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ከጽሕፈት መኪናው ጎን አስቀመጥኩት። ሶኬቱ ላይ የስፌት መኪናዬን መልሼ ሰክቻለሁ። አባባ ለግማሽ ቀን አኩርፎኛል፣ ያኩርፍ።

ከሩቅ መግባት ቀርቷል። የጎደለው ግማሽ እዚህ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል፤ ስትመጣ ከአፉ ስማው። መጋቢት 12 ብለሃል። ብትቀር አልዋሽልህም፤ ልጅህ ቀረ ብዬ ፊት ለፊት ነው የምነግረው።

በሩን ቀን ቀን አልቆልፈውም። ገፋ አድርገህ ግባ።

እህትህ